«ኮምፒውተሩን ብቻ አስተካክለን ወደ ኢ85 እንቀይርላችኋለን» ለሚሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

ቱርቦ ያለው ወይም ከፍተኛ ጉልበት ያለው ሞተር የያዛችሁ ሁሉ ከዚህ ውል ተጠንቀቁ። የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ይቀይሩላችሁና ኢታኖል የበዛበትን ኢ85 ሞልታችሁ እንድትሄዱ ያደርጋሉ። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተርና የነዳጅ ፓምፑ የፋብሪካው እንደሆኑ ይቀራሉ። ዋጋው የረከሰው በዚህ ነው፤ ሞተሩን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

ኢታኖል በራሱ መጥፎ ነዳጅ አይደለም። ኦክቴኑ ከፍ ያለ ነው፣ ሲተን ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሞተሩ ሳያንኳኳ (ነዳጁ ያለጊዜው በራሱ ሳይቀጣጠል) ተጨማሪ የቱርቦ ግፊት ይችላል። ጣጣው ያለው መጠኑ ላይ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፣ 1 ኪሎ ኢ85 ግን 9.8 ገደማ ይበቃዋል። ሞተሩ የሚስበው አየር ካልተለወጠ በሊትር ሲለካ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ነዳጅ መግባት አለበት ማለት ነው። አሁን አስሉት፦ ኢንጀክተራችሁ በቤንዚን ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡ 80 በመቶውን ጊዜ ክፍት ከነበረ፣ በኢ85 112 በመቶ ሊከፈት ነው። ከ100 በላይ የሚከፈት ኢንጀክተር የለም። ፕሮግራሙ ቢያዝም ነዳጁ አይመጣም።

ይህ ጉድለት በሙከራ ጉዞ አይታይም። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የኦክስጅን ሴንሰሩ ያስተካክለዋል፣ መኪናው ለስላሳ ይመስላል። ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ዙሩ ሲወጣ ግን የፓምፑ ግፊት ይወርዳል፣ ድብልቁ ይሳሳል (ለአየሩ የሚበቃ ነዳጅ ያጥራል)፣ ሙቀቱ ይንራል። መጀመሪያ የሚጎዱት የፒስተኑ አናትና የጭስ መውጫ ቫልቮቹ ናቸው። ይህ የደረሰበት ሞተር በፕሮግራም ማስተካከያ አይድንም፤ መፈታት አለበት።

ሥራውን የምታሠሩ ከሆነ የኢንጀክተሩና የፓምፑ አቅም በቁጥር ተጽፎ ይሰጣችሁ። የነዳጅ ቱቦዎችና ማሸጊያ ጎማዎች ኢታኖል የሚችሉ (ቪተን ወይም ውስጡ ቴፍሎን የሆነ) መሆናቸውን ጠይቁ፤ በተለይ በአሮጌ መኪና ላይ ተራ ጎማ ያብጥና ይሰነጠቃል። ኢታኖል የቆየ ቆሻሻ ስለሚያላቅቅ የነዳጅ ፊልትሮውን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሙሌቶች በኋላ ቀይሩ። ከሁሉም በላይ ግን በሙሉ ጭነት የተመዘገበ የላምዳ ንባብ ጠይቁ፤ ላምዳ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ መለኪያ ነው፣ 1 ልክ የሆነ ድብልቅ፣ ከ1 በታች ነዳጅ የበዛበት ነው። በቱርቦ ሞተር 0.8 አካባቢ መቆየት አለበት፤ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ወደ 1 እየተጠጋ ከሄደ ነዳጅ እያጠረ ነውና እግራችሁን አንሱ። ይህን ንባብ አናሳይም የሚል ባለሙያ ዘንድ መኪና አትተዉ።

ሌላው ወጥመድ ነዳጁ ራሱ ነው። ስሙ ኢ85 ቢሆንም የአሜሪካ ደረጃ እንኳ ከ51 እስከ 83 በመቶ ኢታኖል ይፈቅዳል። ለ85 የተሰላ የማቀጣጠያ ጊዜ 55 በመቶ ሲገባለት ሞተሩ ሊያንኳኳ ይችላል። ስለዚህ በነዳጅ መስመሩ ላይ የኢታኖል ሴንሰር ይገጠም። ከሌለ ራሳችሁ ለኩ፦ ሚሊሊትር የተጻፈበት ቱቦ ውስጥ 50 ሚሊ ውኃና 50 ሚሊ ነዳጅ ጨምሩ፣ ከድናችሁ አናውጡ፣ እስኪለያይ ጠብቁ። ኢታኖሉ ወደ ውኃው ስለሚገባ የታችኛው ክፍል ከፍ ይላል። ከዚያ ላይ 50 ቀንሱና በ2 አባዙ፤ 85 ካሳየ ኢታኖሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። ውኃና ኢታኖል ሲቀላቀሉ መጠናቸው ትንሽ ስለሚቀንስ ንባቡ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ከእሳት ርቃችሁ ሥሩት።

በፕሮግራም ብቻ ቀድማችሁ ያስቀየራችሁ፣ ክፍሎቹ እስኪለወጡ ወደ ቤንዚን ተመለሱ። ሲመለሱ ግን የቀድሞው ፕሮግራም አብሮ ይመለስ። በኢ85 ፕሮግራም ላይ ቤንዚን ብቻ ከሞላችሁ ነዳጁ ከልክ በላይ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል።