የቤተሰብ አሮጌ ቤት ላይ ክፍል ለመቀጠል ብሎኬት ይሻላል ወይስ ሳንድዊች ፓነል? (ለድሬ ሰው)

ድሬ ውስጥ የወላጆቹ ቤት ላይ አንድ ሁለት ክፍል መቀጠል የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፣ ልጅ ሲያገባ፣ እህት ከውጭ ስትመለስ፣ ወይ መጅሊሱ እንግዳ አልበቃ ሲል። ከዚራና መጋላ ያሉት የድሮዎቹ የድንጋይ ቤቶች፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከገባ በኋላ የተሰሩት፣ ወፍራም ግድግዳ ከፍ ያለ ኮርኒስና በረንዳ ያላቸው ለጌጥ አይደለም፣ ለሙቀቱ ነው። ስለዚህ አዲሱ ክፍል ግንቦትና ሰኔ ላይ ከአሮጌው የባሰ የሚያቃጥል ከሆነ ሴራሚኩና አሉሚኒየም መስኮቱ ምን ያደርጋል? እኔ ሁለቱን፣ ብሎኬቱንና ሳንድዊች ፓነሉን (በሁለት ስስ ቆርቆሮ መሃል ፎም ያለበትን ተገጣጣሚ ግድግዳ)፣ መጀመሪያ የማያቸው በሙቀት ነው።

ብሎኬት ቀስ ብሎ ይሞቃል ቀስ ብሎ ይበርዳል። በምዕራብ በኩል ፀሐይ የሚመታው የ20 ሳንቲም ግድግዳ ከሰዓቱን ሙሉ ሲጠጣ የዋለውን ሙቀት የሚተፋው ማታ፣ ልክ ልትተኙ ስትሉ ነው። መፍትሄው ታዲያ ያው የድሮዎቹ ያደረጉት ነው፣ በምዕራብ በኩል በረንዳ፣ ነጭ ቀለም፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ከነወንፊታቸው (ዴንጊና ወባ ባለበት ከተማ ወንፊት አይቀርም)። ጣሪያውን ሶላታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ብቻ አድርጋችሁ እንዳትተዉት አደራ፣ ለወደፊት ፎቅ ብላችሁ ከሞላችሁም ላዩ ላይ ቆርቆሮ አልብሱት፣ መሃሉ አየር ይለፍበት።

ፓነሉ ሌላ ነው። መሃሉ ፎም ስለሆነ የውጪውን ሙቀት ቶሎ አያስገባም፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ግን በር መስኮት ዘግታችሁ ሰው ከሞላበት ይታፈናል፣ ሙቀት ውጦ የሚያቆይ ግድግዳ የለውም። ኤሲ ለሚያስገባ ሰው ፓነል ብዙ ኤሌክትሪክ ያድናል፣ በቬንትሌተርና በክፍት መስኮት ለሚኖር ግን በረንዳ ያለው ብሎኬት ይሻላል፣ ይሄ የኔ ፍርድ ነው። ባዶ ቆርቆሮ በቺፑድ ለብጦ "ዘመናዊ" የሚላችሁን ግን አቦ አትስሙት!

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። የብሎኬት ግድግዳ ከነልስኑ በካሬ ሜትር ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የ5 ሳንቲም ፓነል 15 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አሮጌው ቤት አናት ላይ ፎቅ የምታስቡ ከሆነ ብሎኬትን እርሱት፣ ፓነልም ቢሆን የራሱ የብረት ኮለን ከመሬት ተነስቶ ይሸከመው እንጂ የድሮው ድንጋይ ላይ አይረፍ። ሮቶም እንደዛው፣ 1,000 ሊትር ማለት አንድ ቶን ነው፣ የራሱ ማማ ይሰራለት።

ከሁሉም ብዙ ቤት የሚያበላሸው ግን መጋጠሚያው ነው። አሮጌው ቤት መሬቱ ላይ ተቀምጦ ጨርሷል፣ አዲሱ ደግሞ ገና ሊቀመጥ ነው፣ እና ግምበኛው ለጥንካሬ ብሎ ብሎኬቱን ድንጋዩ ውስጥ ካነከሰው ሁለት ክረምት ሳያልፍ ከላይ እስከታች ይሰነጠቃል። ከ2 እስከ 3 ሳንቲም ክፍተት ትታችሁ ፎም ሙሉበት፣ በጎን በላሜራ ይሸፈን፣ ከላይ ውሃ እንዳይገባ ቆርቆሮ ታጥፎ ይደረብበት። መሰረት ስታስቆፍሩም ከአሮጌው መሰረት ጥግ በአንዴ ሙሉውን አታስከፍቱ፣ በተለይ ከሱ ጠልቆ የሚወርድ ከሆነ፣ በአጭር በአጭሩ ተቆፍሮ እየተሞላ ይሂድ። ደቻቱ ወንዝ አካባቢ ያላችሁ ወለሉን ከፍ አድርጉ፣ የ1998ቱን ጎርፍ የማያስታውስ የለም።

ፍጥነት ከሆነ ፓነል ይበልጣል፣ ብሎኬት በኛ ፀሐይ ችኮላ አይወድም፣ ኮንክሪቱ ጠዋት በማለዳ ይሞላ፣ ቢያንስ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ። የፓነል ትልቁ ጉዳቱ እሳት ነው፣ ፎሙ ተቀጣጣይ ስለሆነ ኩሽና በፓነል አላሰራም፣ የግድ ከሆነም መሃሉ ሮክ ውል (የማይቀጣጠል የድንጋይ ጥጥ) የሆነውን ጠይቁ።

ባጭሩ ግቢው ሰፊ ከሆነ ብሎኬት፣ ቦታው ጠባብ ከሆነ ወይ ወደ ላይ ከሆነ ፓነል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሆናችሁ ግን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ከቅርስ ቢሮ ሳትነጋገሩ አንድ ድንጋይ አታንሱ፣ ድሬም ቢሆን ቤቱ የቀበሌ ወይ የኪራይ ቤት አለመሆኑን በካርታው አረጋግጣችሁ ፈቃድ አውጡ።

ዋጋ ስታወዳድሩ አንዱ የእጅ ብቻ፣ ሌላው ከነማቴሪያሉ ይነግሯችኋል፣ ሁለቱንም በካሬ፣ መሰረቱን፣ መብራቱን፣ ሳኒተሪውንና መጋጠሚያውን ጨምረው በጽሑፍ ይስጧችሁ። መጋጠሚያውን እንዴት እንደሚሰራው ጠይቃችሁት "ችግር የለም፣ እናያይዘዋለን" ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።