የባሕር ምንጣፍ ቫይረሶችን መቁጠር፦ በፕላክ ወይስ በሚያበራ ቀለም?

የባሕር ምንጣፍ ማለት በባሕር ውስጥ ተነባብረው የሚያድጉ ረቂቅ ህዋሳት የሠሩት ልባስ ነው። ጅማ ላላችሁ፣ ለልምምድ ከቦዬ ረግረግ የሚነሳ አረንጓዴ ልባስ ይበቃል። የባሕሩን ናሙና ግን በጨው ውሃ አቅጥኑ፤ በተራ ውሃ ህዋሳቱ ይፈነዳሉ።

ፕላክ፣ ማለትም ቫይረሱ ሳህን ላይ የበቀለውን ባክቴሪያ የገደለበትን ጥርት ያለ ክብ መቁጠር፣ ርካሽ ነው፦ ናሙናውንና ባክቴሪያውን 45 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ ባለ ቀልጦ የቆየ 0.6 በመቶ አጋር (የሚረጋ ጄል) ቀላቅላችሁ ሳህን ላይ አፍስሱ። ከ30 እስከ 300 ጥርት ያለ ክብ የታየበትን ሳህን ብቻ ቁጠሩ። ሆኖም አብዛኛው የምንጣፍ ባክቴሪያ ሳህን ላይ አይበቅልም፤ ቫይረሱን የሚያስተናግደው ባክቴሪያ ካልበቀለ ቫይረሱም አይታይም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ቁጥር ሳይበር ጎልድ (SYBR Gold፣ ከዲኤንኤ ጋር ተጣብቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚያበራ ቀለም) ይሻላል። ናሙናውን በሶዲየም ፓይሮፎስፌት (የተጣበቀውን የሚያላላ ጨው) ዘፍዝፋችሁ በረዶ ላይ በአልትራሳውንድ አላቅቁ፤ በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አጣሩ፤ ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ጨምሩ፤ ቫይረሶቹን በ0.02 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ሰብስባችሁ 15 ደቂቃ በጨለማ ቀለሙን አስነኩት። ዲኤንኤዝን በፍጹም አትዝለሉ! በምንጣፉ ሙጫ ውስጥ የተበተነው ዲኤንኤ እንደ ቫይረስ እያበራ ቁጥሩን ያሳብጣል። የአርኤንኤ ቫይረሶች ግን ደብዝዘው ሊያመልጡ ይችላሉ።