በካራት ውሃ አትግዙ፦ የደሴ ኦፓል ገበያ ሲፈተሽ

የደሴ ኦፓል ሻጮች ትልቁ ብርታታቸው ምርጫቸው ነው። ድንጋዩ የሚወጣው ከወሎ ደላንታ፣ ከወገል ጤና ዙሪያ ካለው ገደል ስለሆነ በኩታበር በኩል ደሴ ሲገባ ገና ብዙ እጅ አላገላበጠውም። አዲስ አበባ ላይ ዓይን ዓይኑ ተለቅሞ የሚቀርበው ጥሬ (ያልተሞረደ ድንጋይ) እዚህ ድብልቅልቁ እንደወጣ ይገኛል፤ ዋጋውም ለክርክር ክፍት ነው። ድክመታቸው አቀራረባቸው ላይ ነው። ብዙው ሻጭ ድንጋዩን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዘፍዝፎ ወይም በሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ያሳያል፤ ከውሃው አውጥቶ በጨርቅ አበስ ያደርግና ወዲያው ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። የአውስትራሊያ ኦፓል ቢሆን ይህ ብዙም ባላሳሰበ። በወሎ ኦፓል ግን ገዢው የሚከፍለው ለውሃ ጭምር ነው።

ምክንያቱ የድንጋዩ ተፈጥሮ ነው። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጡት በዓይን የማይታዩ የሲሊካ ሉሎች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃኑን ሲበትኑት ነው። ሉሎቹ ተለቅ ሲሉ ቀይ ይታያል፣ አነስ ሲሉ ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ ይቀራል። የወገል ጤናው ድንጋይ በመካከሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይጠጣል። ደርቆ ሳለ ነጭ ወይም ቢጫማ የነበረው ውሃ ሲገባው እንደ ብርጭቆ ይጠራል፤ ብልጭታው ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ክብደቱም ይጨምራል፤ ቀዳዳው በበዛ ድንጋይ ላይ ጭማሪው 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ለስሌት ያህል ግራሙ 1,000 ብር ነው እንበል። ደረቁ 100 ግራም የሆነ ጥሬ ጠጥቶ 110 ቢመዝን 10,000 ብሩ የቧንቧ ውሃ ዋጋ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። የወሎ ኦፓል ደረቅ ከሆነ ምላስ ጫፍ ላይ ያዝ ያደርጋል። ከሰው እጅ የመጣ ድንጋይ መላስ የሚቀፈው ሰው አንዲት ጠብታ ውሃ ባልተወለወለው ፊቱ ላይ ያኑር፤ ጠብታዋ ቶሎ ከሰረገች ደረቅ ነው። ካልያዘ ወይም ካልሰረገች ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ድንጋዩ ጠጥቶ ጠግቧል፣ በሙጫ ወይም በዘይት ተሞልቷል፣ ወይም ከነጭራሹ የወሎ አይደለም። «ወንድሜ፣ ደረቁን መዝንልኝ፤ እርጥቡን ለማየት ብቻ ነው» ማለት ነውር የለውም፤ ሥራውን የሚያውቅ ነጋዴ ደረቅ ክምችቱን ለይቶ ያስቀምጣል። ደረቅ የለኝም የሚል ሻጭ ዘንድ ዋጋ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም።

ውሃ ሁልጊዜ ማታለያ ነው ማለት አይደለም። ጥሬው ሲረጥብ ስለሚጠራ ከጀርባው ባትሪ ቢበራበት በውስጡ ያለው ሸክላ፣ አሸዋና ስንጥቅ ይጋለጣል። ችግሩ ውሃ ገላጭም ሸፋኝም መሆኑ ነው፤ ውስጡን ያሳያል፣ ላዩ ላይ ያሉትን ጸጉር መሰል ስንጥቆች ግን ይሞላቸውና ይሰውራቸዋል። ስለዚህ በእርጥቡ ውስጡን ማየት፣ በደረቁ ላዩን ባለ 10 እጥፍ ማጉያ መመርመር፣ መመዘንም በደረቁ።

ስለ ስንጥቅ ሌላ የሚነሳ ነገር አለ። ገና ከጉድጓድ የወጣ ድንጋይ እርጥበቱን ሲለቅ ከተሰነጠቀ ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከሰሜን ሸዋ መዘዞ የወጣው ቡናማ ኦፓል በዚሁ ጠባዩ ስሙ ጠፍቶ ነበር። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ወደ ገበያ የገባው የወገል ጤናው ከዚያ እጅግ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም የማይሰነጠቅ አለት አይደለም። መቼ እንደተቆፈረ ጠይቁ። «ትናንት የገባ ትኩስ ነው» የሚለው ማሞገሻ ለአትክልት ይሆናል፤ ለኦፓል ስድስት ወር መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ያልተሰነጠቀው ይበልጣል።

ብርሃኑም የራሱ ጣጣ አለው። የሱቅ ኤልኢዲ አምፖል ከላይ ሲያርፍበት ተራውን ሁሉ ያንበለብለዋል። ድንጋዩን ይዞ ወደ በሩ፣ ወደ ጥላው መውጣት ያስፈልጋል። የጦሳን ተራራ ጉም የሚጋርድበት የደሴ ጠዋት ለዚህ ተስማሚ ነው፦ በዚያ ፈዛዛ ብርሃን ሁለት እርምጃ ርቆ የሚነድ ድንጋይ ከፍተኛው የብሩህነት ደረጃ ላይ ነው፤ አምፖል ሥር ብቻ የሚበራው ዝቅተኛው። ቀጥሎ ማዞር ነው። ጥሩ ድንጋይ ዙሪያውን ሲዞር ከፊቱ ላይ ቀለም አይጠፋም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አብርቶ ሲዘነበል የሚሞት ከሆነ ሻጩ ለምን ሁሌ በአንድ ጎን ይዞ እንደሚያሳየው ግልጽ ይሆናል።

ከዋጋ አወሳሰን አንጻር የሱቆቹ አመዳደብ አያስመሰግንም። «ኤ»፣ «ሁለት ኤ»፣ «ሦስት ኤ» የሚባለው ደረጃ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ የጋራ መለኪያ የለውም። እኛ የምናስቀድመው ብሩህነትን ነው፤ ከዚያ ቀለሙን (ቀይ ያለበትና ሁሉን ቀለም የያዘው ይወደዳል፣ አረንጓዴ ብቻ የሆነው ይረክሳል)፣ ከዚያ ሥዕሉን (የቀለሙ ቁራጮች አደራደር)፣ መጠኑን በመጨረሻ። ብዙ ገዢ ይህን ገልብጦ በትልቁ ይጀምራል፤ ሻጩም ስለሚያውቅ ትልቁንና ደብዛዛውን ከፊት ያሰልፋል። 3 ካራት (0.6 ግራም) ሆኖ የሚነድ ድንጋይ 20 ካራት ሆኖ ከሚያንቀላፋው ይሻላል።

ለሰብሳቢ ዋናው ሥዕሉ ነው። የቀለሙ ቁራጮች እንደ ዳማ ሰሌዳ እኩል እኩል የተሰደሩበት እጅግ ብርቅ ነው፤ የማር እንጀራ የሚመስለው በወሎ ድንጋይ ላይ አልፎ አልፎ ይገኛል። ከጎን ሲታይ ጣት የሚመስሉ ቀለማማ ዓምዶች የቆሙበት ደግሞ የወገል ጤና ልዩ ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሙሉ በሙሉ ከማስሞረድ አንዱን ጎን ብቻ አስወልውሎ ማስቀመጥ ዋጋውን ይጠብቃል። ኦፓልነት ያገኘ የዕፅዋት ሥር ወይም ግንድም ይወጣል። ሱቆቹ ይህን ከተራ ጥሬ ጋር ደባልቀው ስለሚሸጡት፣ ለሚያውቅ ሰው የደሴ ገበያ ምርጥ ዕድል እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ። ደሴ ላይ «ጥቁር ኦፓል» ተብሎ ከሚቀርበው ብዙው በጭስ የጠቆረ ነው፦ ነጩ ድንጋይ በወረቀት ወይም በፎይል ተጠቅልሎ ሲጋል ጥላሸቱ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል። ያምራል፣ አይካድም፤ ቀለሙም ከጥቁር መደብ ላይ ጎልቶ ይታያል። ነገር ግን ጥላሸቱ ጥልቀት ስለሌለው ድንጋዩ ሲሸረፍ ወይም ዶቃ ሆኖ ሲበሳ ውስጡ ገርጥቶ ይታያል። ዶቃ ስትገዙ ቀዳዳውን በማጉያ እዩ። በተፈጥሮው ጥቁር የሆነም ከወሎ፣ ስታይሽ ከተባለው ቦታ ይወጣል፤ ከጭሱ ጋር በአንድ ሳህንና በአንድ ዋጋ ሲቀርብ ግን ሁሉም ጭስ ነው ብሎ መገመት ይቀላል። ሐምራዊ፣ ደማቅ ሮዝና ጥልቅ ሰማያዊ አካል (የድንጋዩ መደብ ቀለም) ያላቸው ደግሞ የተነከሩ ናቸው። ከስታይሹ ጥቁር ሌላ የወሎ ድንጋይ አካል ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በነካ ጥጥ ከጀርባው ቢታሽ ቀለም የሚለቅ አለ፤ ባይለቅም ማቅለሚያው ስንጥቆቹ ውስጥ ተጠራቅሞ በማጉያ ይታያል። የተነከረውን የተነከረ ብሎ በርካሽ የሚሸጥ ሰው ላይ ቅሬታ የለንም። ችግሩ ስሙ ላይ ነው።

ጥሬ ለሚገዛ፦ ከረጢቱ ትሪ ላይ ይዘርገፍ። ምርጡ ከላይ፣ ልባሹ ከታች መሆኑ የቆየ ዘዴ ነው። አንድ ፊቱ ያልተፋቀ ድንጋይ ዕጣ እንደመቁረጥ ነውና በዕጣ ዋጋ ይገዛ። ቀለሙ መስመር ሆኖ ጠርዝ ላይ ብቻ ከታየ ውፍረቱን ለኩ፤ ተወልውሎ 3 ሚሊ ሜትር የማይቀር ከሆነ ለቀለበት አይበቃም። 1 ግራም 5 ካራት ነው፤ ግን ከጥሬው ተሞርዶ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ሲሶው ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ የ10 ግራም ጥሬ 50 ካራት ነው የሚለውን የሻጭ ሒሳብ ወደ 15 አውርዱት፤ የጥሬውንና የተወለወለውን ዋጋ በዚያ አነጻጽሩ።

የሞራጆቹ አገልግሎት የተደባለቀ ነው። ቅርጽ አወጣጣቸው ጥሩ ነው፣ ችኮላቸው ግን ድንጋይ ይገድላል። ድንጋዩ በዳይመንድ ዲስክ ውሃ እየፈሰሰበት ሲሞረድ ይጠጣና ብልጭታው ይጠፋል፤ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስደነግጠው ለማድረቅ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ወይም በፀጉር ማድረቂያ መንፋት ነው፤ ላዩ ቀድሞ ሲደርቅና ሲኮማተር ውስጡ እርጥብ ስለሚሆን ይሰነጠቃል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ለቀናት ይቆይ፤ በክረምት የደሴ እርጥበት ቀኑን ያረዝመዋል። ለመሞረድ ከእንጨት ዘንግ ጋር ሲጣበቅም በትኩስ ሰም ፈንታ ያልሞቀ ሙጫ ይሻላል። በሁለት ሰዓት አደርስላችኋለሁ የሚል ሞራጅ ዘንድ ውድ ድንጋይ አይተውም።

ቀለበት ላይ ሲሠራ ብሩ ዙሪያውን አቅፎ ይያዘው፤ በብረት ጥፍር የተያዘ ኦፓል ጠርዙ ይሸረፋል፤ ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፣ የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7። ቀዳዳው ውሃ ብቻ አይደለም የሚጠጣው። ወጥ በእጅ ሲበላ ዘይቱና በርበሬው፣ ፀጉር በቅቤ ሲታሽ ቅቤው፣ ሽቶውም ይገባል፤ ውሃ ይወጣል፣ ዘይት አይወጣም። ነጩ ድንጋይ እያደር ወደ ቢጫ የሚያዘነብለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ለምግብ ሲቀርቡ ማውለቅ፣ ፀጉር በሚቀባበት ቀን የጆሮ ጌጡን ማስቀመጥ። ዝናብ ቢመታው ሲደርቅ ይመለሳልና አያስፈራም፤ ውሃ ውስጥ ማከማቸት ግን አያስፈልገውም።

ደረሰኝ ላይ ሱቆቹ ደካሞች ናቸው። የከበሩ ማዕድናት ንግድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ የሌለበት ቤት ውድ ዕቃ አይገዛም፤ ከአገር የሚወጣ ድንጋይም ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ ጣጣ ያመጣል። «ኦፓል፣ አንድ ፍሬ» የሚል ደረሰኝ ለምንም አይረባም። በደረቁ የተመዘነው ክብደት በካራት፣ ጭስ ወይም ማቅለሚያ ነክቶት እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ከሳምንት በኋላ ሲመዘን ከተጻፈው ክብደት ቢጎድል ገንዘቡ እንደሚመለስ ይጻፍ። ሻጩ የመጨረሻውን ለመጻፍ ካንገራገረ ድንጋዩ ገና እርጥብ ነው።