ቬሌታ ወይስ ፓሎማስ? ደቡብ ስፔን በሳይክል

አንዳሉሲያ ሄጄ አንድ ዳገት ብቻ ብወጣ የቱን ልምረጥ ለምትሉኝ፣ ሁለቱንም ስለሞከርኳቸው ልንገራችሁ። ቬሌታ ማለት ከግራናዳ ተነስታችሁ የሴራ ኔቫዳን ተራራ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ የምትወጡበት ነው፣ ከተማው 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ጫፉ ደሞ ወደ 3,400 ይጠጋል፣ በአውሮፓ ከፍተኛው አስፋልት የሚባለውም እሱ ነው። 2,500 ሜትር ላይ ኬላ አለ፣ ከዛ በላይ የግል መኪና ስለማይገባ መንገዱ የናንተ ነው፣ ግን አስፋልቱ ተቦርቡሮ ጠጠር የቀረበት ቦታ አለና በቀጭን ጎማ ቀስ በሉ። አየሩም ይሳሳል፣ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት ብዬ ስጎርር መጨረሻዋ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ 😅 ጫፍ መድረስ ከፈለጋችሁ ሐምሌና ነሐሴ ሂዱ፣ በአውሮፓ የብርድ ወራት የበረዶ ሸርተቴ ቦታ ነው።

ፓሎማስ ሌላ ነገር ነው። ዛሃራ ከምትባል መንደር ነጫጭ ቤቶች ስር ተነስታችሁ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ፣ ጫፉ ከቬሌታ በጣም ዝቅ ይላል፣ ግን መታጠፊያው አያልቅም፣ በታጠፋችሁ ቁጥር የግድቡ ሐይቅ ከታች አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ይላል። ስሙ "እርግቦች" ማለት ነው፣ እኔ ያየሁት ግን ጥንብ አንሳ አሞራ ብቻ ነው፣ ከጭንቅላቴ በላይ ሲዞር ሞቼ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። በሌላው በኩል ወደ ግራሳሌማ መንደር ስትወርዱ ጃኬት አይለያችሁ፣ ስፔን ውስጥ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ፓሎማስን ነበር የምወጣው። ቬሌታ ፎቶው ያኮራል እንጂ የመጨረሻው ሰዓት ጭንጫ ብቻ ነው የሚታየው።