ሃይሉክስ፣ ዲ-ማክስ ወይስ ላንድክሩዘር? ለባሕር ዳር ፒክአፕ ገዢ የዘይትና የጥገና ንጽጽር

ባሕር ዳር ውስጥ ፒክአፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ዋጋው ስንት ነው፣ ስንት ኩንታል ይጭናል፣ ተመልሶ ሲሸጥስ ያወጣል ወይ። ከእነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ መኪና በዓመት ስንት ሊትር ዘይት፣ ስንት ፊልትሮ፣ ምን ያህል የጋራዥ ክትትል ይፈልጋል? የመግዣው ዋጋ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። የጥገናው ወጪ ግን መኪናው እስኪሸጥ ድረስ አብሮ ይኖራል፤ የሚያገለግለውን መኪና ቆሞ ከሚውለው የሚለየውም እሱ ነው።

ለንጽጽር የመረጥኳቸው በከተማችን በየቀኑ የሚታዩ ሦስት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው፣ ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ሁለተኛው ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ባለ 3.0 ሊትር አይሱዙ ዲ-ማክስ። ሦስተኛው ቱርቦ (አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ማሽን) የሌለው፣ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ሞተር ያለው ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ነው። ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ስለሆነ የምጽፈውም ያገለገለ መኪና ለሚፈልግ ሰው ነው።

የሞተር ዘይት

የሃይሉክሱ 2.4 ሞተር ከነፊልትሮው 7.5 ሊትር ዘይት ይወስዳል። ዲ-ማክሱ በግምት 8 ሊትር ይይዛል፤ እንደ ተሠራበት ዓመት ከዚህ ጥቂት ሊያንስ ይችላል። የላንድክሩዘሩ ትልቅ ሞተር ደግሞ ወደ 10 ሊትር ይጠጋል። በእኛ አገር አቧራና ጭነት ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት የሚለው የመካኒኮች ልማድ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው አራት ቅያሬ ማለት ነው፤ ለሃይሉክስ 30 ሊትር፣ ለዲ-ማክስ 32 ሊትር ገደማ፣ ለላንድክሩዘር 40 ሊትር ገደማ።

እዚህ ላይ ጋሎኑን ልብ ይበሉ። ዘይት ሱቅ ውስጥ ባለ 4 እና ባለ 5 ሊትር ጋሎን አለ። ሃይሉክስ ሁለት ባለ 4 ሊትር ጋሎን ሲገዛለት ግማሽ ሊትር ይተርፋል፤ ያ ትርፍ ለመሙያ የሚቀመጥ ነው እንጂ “ከተገዛ አይቀር” ተብሎ ሞተሩ ውስጥ የሚጨመር አይደለም። ዲ-ማክስ ሁለቱን ጋሎን ጨርሶ ስለሚወስድ በመካከል ዘይት ቢጎድል መጨመሪያ አይኖርዎትም፤ አንድ ሊትር ለብቻው ይግዙ። ለላንድክሩዘር ሁለት ባለ 5 ሊትር ጋሎን ይበቃል። ሦስቱም ላይ ግን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው መለኪያው ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ አምስት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ መለኪያውን አውጥቶ መጥረግ፣ መልሶ ማስገባት፣ እንደገና አውጥቶ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ማየት። ይህን ሳያደርግ ኮፈኑን የሚዘጋ መካኒክ ሥራውን አልጨረሰም።

የአሥር ሊትር ልዩነት በራሱ ማንንም አይጎዳም። ልዩነቱ የሚሰፋው በዘይቱ ዓይነት ነው። ሃይሉክስና ዲ-ማክስ ቱርቦ አላቸው፤ የቱርቦው ዘንግ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው። ሁለቱም ሞተሮች የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጅ የታይሚንግ ሰንሰለት ስላላቸው የሰንሰለቱ ዕድሜም በዘይቱ ንጽሕና ላይ የተንጠለጠለ ነው። የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘውን ደረጃ ትቶ በርካሽ የተገኘውን መሙላት በእነዚህ ሁለቱ ላይ በኋላ ብዙ ያስከፍላል። የላንድክሩዘሩ አሮጌ ሞተር በየወረዳው ሱቅ የሚገኘውን 15ደብሊው-40 የናፍጣ ዘይት ሞልተውለት ለዓመታት ይሠራል። ከከተማ ርቆ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ናፍጣው ንጹሕ ነው?

በእኔ ሚዛን ሦስቱን መኪናዎች ከሁሉ በላይ የሚለያያቸው ይህ ነው። የሃይሉክሱ ሞተር ናፍጣውን ወደ ኢንጀክተር (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው አፍንጫ) የሚልከው እስከ 2,200 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። ዲ-ማክሱም በተመሳሳይ የኮመን ሬል ዘዴ፣ ማለትም ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ይዞ ለኢንጀክተሮቹ በሚያከፋፍል ዘዴ ይሠራል። በእንደዚህ ዓይነት ግፊት የሚሠራ ፓምፕና ኢንጀክተር ውስጥ የሚገባ ትንሽ ውሃ ወይም ደቃቅ አሸዋ ብረቱን ይበላዋል። ኢንጀክተሮቹ በአንድ ላይ ከተበላሹ የጥገናው ዋጋ የብዙ ዓመት የዘይት ወጪ ይበልጣል። ላንድክሩዘሩ ግን በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራ በመሆኑ ቆሻሻ ናፍጣን ባይወድም ይችለዋል፤ ቢበላሽም ኮምፒውተር ሳያስፈልግ ፓምፕ በሚያውቅ ባለሙያ ይጠገናል።

ነዳጅ ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ የሚቀዳው ብዙ ነው። በክረምት ውጭ ባደረ በርሜልና ጀሪካን ውስጥ ውሃ መኖሩ የተለመደ ነው። ሃይሉክስ ወይም ዲ-ማክስ ያለው ሰው ከጀሪካን መቅዳት ግድ ከሆነበት ናፍጣውን ሳያናውጥ ካቆየው በኋላ ከላይ ከላይ ብቻ ይቅዳ፤ ከሥር የቀረውን ይተወው። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ላላ አድርጎ በብርጭቆ መቀበልና ማየትም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። የናፍጣ ፊልትሮውን በየ20,000 ኪሎ ሜትር፣ በጀሪካን የሚቀዳ ሰው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ይቀይር። ዳሽቦርድ ላይ የፊልትሮው መብራት ከበራ “እቤት ስደርስ አየዋለሁ” የሚባል ነገር የለም።

ከፍታ፣ ዳገትና ቁልቁለት

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ላንድክሩዘሩ ቱርቦ ስለሌለው በሳሳው አየር ምክንያት ከጉልበቱ ወደ አንድ ስድስተኛ የሚጠጋ ያጣል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው ዳገት ጭነት ይዞ ሲሄድ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ሃይሉክስና ዲ-ማክስ ቱርቧቸው የሳሳውን አየር ስለሚያካክስላቸው አልፈውት ይሄዳሉ። ከሁለቱ ደግሞ ጭነት የበዛበት የአስፋልት ጉዞ ላይ የምመርጠው ዲ-ማክስን ነው። ሞተሩ ሰፋ ያለ ስለሆነ በዝቅተኛ ዙር ሳይጨናነቅ ይጎትታል።

በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ የሚድነው በክዳኑ ግፊትና በትክክለኛው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ብቻ ሞልቶ መሄድ ለሦስቱም ጥፋት ነው። የቶዮታው ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ መጀመሪያ በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ያገለገለ መኪና ሲገዙ የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ይክፈቱ። ዝገት የሚመስል ቡናማ ውሃ ካዩ የቀድሞው ባለቤት ከቧንቧ ሲሞላ ኖሯል ማለት ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ሰው የዓባይን በረሃ ማሰብ አለበት። ከደጀን እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ነው፤ ፍሬን ላይ ብቻ ተደግፎ የሚወርድ ሰው የፍሬን ዘይቱን ያግለዋል። የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን በ205 ዲግሪ የሚፈላ ሲሆን እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል፤ ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሄዳል። መጠኑ ትንሽ፣ ዋጋውም ቀላል የሆነው ይህ ዘይት በየሁለት ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር። የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ መኪና ሳልለይ ለሁሉም አጥብቄ የምመክረው ነው።

ውሃና ጭቃ

በክረምት ጉማራና ርብ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ መንገዶች ውሃ ይተኛባቸዋል። ሩዝ ጭኖ ከዚያ የሚወጣ፣ ወይም በዘጌና በቁንዝላ በኩል የሐይቁን ዳር ተከትሎ የሚሠራ ፒክአፕ ዲፈረንሻሉ (በአክስሉ መሐል ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው የጥርስ ቤት) በተደጋጋሚ ውሃ ውስጥ ይገባል። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፤ የመተንፈሻ ቱቦው ከተዘጋ ወይም ከተቆረጠ ውሃውን በዘይት መከላከያው በኩል ይስበዋል። ውሃ የገባበት የዲፈረንሻል ዘይት ወተት የተጨመረበት ቡና ይመስላል።

ይህን ለማየት መካኒክ አያስፈልግም። የዲፈረንሻሉን የላይኛውን ቡሎን ፈትተው ጣትዎን ያስገቡ፤ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ አጠገብ መሆን አለበት። ጣትዎ ላይ ያለውን ቀለም ይዩ፣ በሁለት ጣት መካከል ሲያሹት የሚቆረቁር ነገር መኖሩን ይለዩ። ዘይቱን የሚቀይሩ ከሆነ ሁልጊዜ የላይኛውን ቡሎን አስቀድመው ይፍቱ። የታችኛው ተፈትቶ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው እምቢ ካለ መኪናው እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ከጭቃ ጋር ሲመዘን ላንድክሩዘር አሁንም አቻ የለውም። ፊቱም ኋላውም ድፍን አክስል ነው፤ ነገር ግን ግራሶ ይፈልጋል። የፊት ጎማ መታጠፊያዎቹና የዘንግ መጋጠሚያዎቹ በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ውሃ ከተሻገረም በኋላ ግራሶ ሊገባላቸው ይገባል። ሃይሉክስና ዲ-ማክስ ፊታቸው በየጎማው ለብቻው የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ለተሳፋሪ ይመቻል፤ እነሱ ላይ የሚታየው የአክስሉ የላስቲክ ሽፋን ነው። ከተቀደደ ግራሶው ወጥቶ አሸዋ ይገባል፣ መጋጠሚያውም በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ሳልቫትዮና ርቀት

የላንድክሩዘር ሳልቫትዮ (የነዳጅ ታንክ) 130 ሊትር ነው ሲባል ብዙ ሰው በአንድ ቅጂ ከሁሉም ርቆ የሚሄድ ይመስለዋል። የሃይሉክስ 80፣ የዲ-ማክስ 76 ሊትር ነው። ላንድክሩዘሩ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሃይሉክሱ ደግሞ 11 ገደማ ስለሚሄዱ ሲባዛ ሁለቱም 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይገናኛሉ። ልዩነቱ ላንድክሩዘር ለዚያው ርቀት 50 ሊትር ተጨማሪ ናፍጣ ማቃጠሉ ነው፤ ከዘይቱ ይልቅ የዓመት ወጪውን የሚያከብደው ይህ ነው።

የቱን ልግዛ?

ሥራው ከተማ ውስጥና በአስፋልት የሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ የሚያጓጉዝ፣ ናፍጣውንም ሁልጊዜ ከማደያ የሚቀዳ ሰው ሃይሉክሱን ይግዛ። ሳምንት በሳምንት ጭነት ይዞ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ዲ-ማክስን ይመልከት። ከዋናው መንገድ ወጥቶ የሚውል፣ ከጀሪካን የሚቀዳ፣ በአቅራቢያው ያለው ጋራዥ የመርመሪያ ኮምፒውተር የሌለው ከሆነ ግን የላንድክሩዘሩን የናፍጣ ወጪ ቢችለው ይሻለዋል።

ላንድክሩዘር ለሚመርጥ አንድ ነገር ይቀራል። ሃይሉክስና ዲ-ማክስ ሰንሰለት ሲኖራቸው ላንድክሩዘሩ የሚሠራው በታይሚንግ ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሻጩ “ተቀይሯል” ካለ የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር የሚያሳይ የጋራዥ ደረሰኝ ይጠይቁት። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው የቺንጋውን፣ የመወጠሪያውን ኩሽኔታና የእጅ ዋጋውን ከጋራዥ ጠይቀው፣ ድምሩን ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ፤ መኪናውን እንደተረከቡም ሌላ ሥራ ሳይሰጡት በቀጥታ ወደ ጋራዥ ያስገቡት።