የእማዬን ሽበት አረንጓዴ ያደረገው ውሃ

ይህን የምጽፈው ቃል ስለገባሁ ነው። የቤታችንን ጃኩዚ (የሙቅ ውሃ ገንዳ) የጠገኑልን ጋሼ ሥራቸውን ጨርሰው ዕቃቸውን ሲሰበስቡ «እንዴት ላመስግንዎት?» ብላቸው «ውሃው ላስቸገረው ሰው ንገሪልኝ፤ ስሜንና ስልኬን ግን አደባባይ አታውጪብኝ» አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ስም የለም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ቤት ያለውን ጃኩዚ ከሁላችንም በላይ የምትጠቀምበት እማዬ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ያህል ትገባበታለች። ከወር በፊት ውሃው ቀስ በቀስ አረንጓዴ መሆን ጀመረ። ጠርዙን ዙሪያውን ደግሞ ጣት ላይ የሚጣበቅ ቡናማ እድፍ ያዘው፤ ፓምፑ ሲነሳ ከላይ ግራጫ አረፋ ይሰፍፋል። እኔ አረንጓዴ ሳይ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር) ነው ብዬ ደመደምኩ። የጠየቅሁት የኬሚካል ሻጭም ውሃውን ሳያይ «አልጌ ነው» ብሎ ማጥፊያ ሸጠልኝ። ጨመርኩ፣ ባሰበት። ክሎሪን ደራረብኩበት፣ ጭራሽ ለመለመ። አንድ ቀን እማዬ ፀጉሯን እያበጠረች «ነይ እስቲ እዪኝ» አለችኝ። ሽበቷ ወደ አረንጓዴ አድልቷል! ሰው ማፈላለግ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

ጋሼ የመጡት ከቀጠሯችን አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተው ነው፤ ይህን ብደብቅ ምስጋናዬ ሐሰት ይሆንብኛል። ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ ወንበር ስበው ተቀመጡና ይጠይቁኝ ገቡ። ውሃው ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው? በቀን ስንት ሰው ይገባል? ከመግባታችሁ በፊት ትታጠባላችሁ? የዋና ልብሱን በምን ታጥቢዋለሽ? እማማስ ምን ይቀባሉ? በመጨረሻ «እስካሁን የጨመርሽበትን ሁሉ ከነዕቃው አምጪልኝ» አሉ። ደርድሬ አመጣሁ። የአልጌ ማጥፊያውን አዙረው ጀርባውን አነበቡና ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አሳረፉ፦ መዳብ።

ከዚያ ውሃውን በብርጭቆ ቀድተው ነጭ ወረቀት ፊት ያዙት። «እዪው፤ ማዶው ይታያል። አልጌ ቢሆን ኖሮ ይደፈርስ ነበር፣ ግድግዳውም ያሟልጭሽ ነበር። ይሄ ግን ጥርት ብሎ ነው አረንጓዴ የሆነው። የሟሟ መዳብ ነው። እማማን ፀጉር ላይ የያዛቸውም እሱ ነው።» ወር ሙሉ ገንዳውን ከላይ ሳየው በብርጭቆ ልቅዳው ብዬ አላውቅም።

መዳቡ ግን ከማጥፊያው ብቻ አልነበረም፤ ውሃው ማጥፊያውን ሳልጨምርም አረንጓዴ ጀማምሮት ነበር። መጀመሪያ የቧንቧውን ውሃ ተጠራጠሩ። ነጭ ባልዲ ሞልተው ትንሽ ክሎሪን በተኑበትና ተውት። ውሃው ብረት ካለበት ወደ ቡናማ፣ ማንጋኒዝ ካለበት ወደ ጥቁር ወይም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል አሉኝ። የእኛ ባልዲ እንደነጣ ቀረ። ስለዚህ መዳቡ ከራሱ ከጃኩዚው ነው ማለት ነው። ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ለኩት፤ 6.6። መሆን ያለበት ከ7.2 እስከ 7.8 ነው። ጥፋተኛው የእኔ ክሎሪን ሆኖ ተገኘ። ለትልቅ መዋኛ የሚሸጠውን ክኒን ነበር የምጠቀመው፤ እሱ ደግሞ ሲሟሟ ውሃውን አሲድ ያደርገዋል። የእኛ ማሞቂያ ውስጡ የመዳብ ቱቦ ያለው ዓይነት ነው፣ አሲዱ ቱቦውን ሲበላ ከርሟል። ፈተው አሳዩኝ፤ ውስጡ ምስጥ የበላው እንጨት መስሏል። እኔ ውሃውን ለማጥራት ክኒን በጨመርኩ ቁጥር ማሞቂያዬን እያሟሟሁ ነበር።

እድፉና አረፋው ግን ሌላ በሽታ ነው አሉ። ፊልተሩን አወጡት፤ እጥፋቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። «አጥበዋለሁ እኮ» ስላቸው «በውሃ ብቻ?» አሉኝ። ለካ የሰውነት ቅባት፣ ሎሽንና የሳሙና ትራፊ በውሃ አይለቅም። በፊልተር ማጠቢያ ተዘፍዝፎ ማደር አለበት። ጠርዙ ላይ የሚታየው እድፍም ያው ቅባት ነው። አረፋውን የሚያስነሳው ደግሞ ዋና ልብስ ላይ የሚቀር ኦሞ ነው።

በማግስቱ ፊልተሩን ሊገጥሙ ሲመጡ ያየሁትን ባላይ ይሻለኝ ነበር። ውሃውን ከመድፋታቸው በፊት የቱቦ ማጽጃ ጨምረው ፓምፑን በሙሉ ኃይል ለቀቁት። ትንሽ ቆይቶ ከቀዳዳዎቹ እንደ ረጠበ ወረቀት የተቦጫጨቀ ቡናማ ነገር ይተፋ ጀመር። ቱቦው ውስጥ የጎለበተ የባክቴሪያ ሽፋን ነው። ክሎሪኔን ሌሊቱን ሲበላብኝ የነበረውም እሱ ነው፤ ለዚህ ነው ማታ ጨምሬ ጠዋት ስለካ ምንም የማላገኘው። «ሽታው ግን ኃይለኛ ነበር» አልኳቸው። ሳቁ። ያ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ ክሎሪን በዛ ማለት አይደለም፤ ከላብና ከቅባት ጋር ተጣብቆ የደከመ ክሎሪን ነው የሚሸተው። ሽፋኑ ቆዳ ላይ ሽፍታ የሚያወጡትንም ሳንባ የሚያሳምሙትንም ባክቴሪያዎች እንደሚያኖር ሲነግሩኝ እማዬን አየኋት፣ ደነገጥኩ።

የተቆጡት አንዴ ብቻ ነው፣ የኬሚካል መደርደሪያዬን ሲያዩ። ሁለት ዓይነት ክሎሪን ጎን ለጎን አስቀምጬ በአንድ ማንኪያ ነበር የምዝቀው። «ልጄ፣ እነዚህ ሁለቱ ቢደባለቁ እሳት ናቸው፤ ሊፈነዱ ይችላሉ» ብለው ማንኪያውን ከእጄ ነጠቁኝ። ክኒኑን ለብቻው አሳሽገው «እዚህ ገንዳ ድርሽ እንዳይል» አሉ። እናንተም ቤት ካለ ዛሬውኑ ለዩት።

የቀረው ቶሎ አለቀ። የተበላው ቱቦ ተቀየረ፣ ገንዳው ተወልውሎ ተሞላ፣ ፒኤቹ 7.4 ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ክሎሪኑን ከ3 ፒፒኤም (በሊትር 3 ሚሊግራም) እንዳላወርደው፣ ሙቀቱንም ከ40 ዲግሪ እንዳላሳልፈው አስጠንቅቀውኛል። ውሃ የምቀይርበትን ቀን የማወቂያ ስሌትም ሰጡኝ፦ የገንዳውን ሊትር ለ11 አካፍዪ፣ የወጣውን በቀን ለሚገባው ሰው ቁጥር አካፍዪ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ታገኛለሽ። የእኛ 1,200 ሊትር ይይዛል፣ በቀን ሁለት ሰው ይገባበታል፤ 54 ቀን ገደማ መጣ። እኛ ሰባት ወር አቆይተነዋል።

ሁሉም ተደምሮ የከፈልኳቸው ከዚያ በፊት ለኬሚካል ከበተንኩት ያንሳል። ኬሚካል ሊሸጡልኝም አልሞከሩም፤ የገዛሁትን ራሳቸው ከመደርደሪያዬ እየቀነሱ ነው የሄዱት። ወሬ ይወዳሉ፣ ሰዓት አያከብሩም፤ ያም ሆኖ እኔ ነገም የምጠራው እሳቸውን ነው።

ጋሼ፣ ካነበቡት፦ የእማዬ ሽበት እርስዎ ባሉን ሻምፑ ታጥቦ ታጥቦ ነጣ። ሰላም ብላዎታለች።

ለጋሼ ለመደወል ላሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሊመጡ ነው ብላችሁ ውሃውን እንዳትደፉት፣ ጠርዙንም እንዳትፈትጉት። እኔ አፍሬ ግማሹን ደፍቼ ነበር የጠበቅኋቸው፤ «በሽተኛውን ቀብረሽ ሐኪም ትጠሪያለሽ?» አሉኝ።