መያዣ የሚያስይዘው የከዚራ ጂም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ የሚገኝ አንድ ጂም ከወርሃዊ ክፍያው በተጨማሪ 2,000 ብር መያዣ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ደንበኛው በ4 ወር 6 ኪሎ ከቀነሰ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ካልቀነሰ ለቤቱ ገቢ ይሆናል። ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የራሳቸውን ገንዘብ ያስያዙ ተሳታፊዎች በ16 ሳምንታት በአማካይ 6 ኪሎ ገደማ ሲቀንሱ፣ ምንም የገንዘብ ማበረታቻ ያልነበራቸው 2 ኪሎ እንኳ አልሞሉም፤ ዳሩ ግን ጥናቱ ካበቃ በኋላ ከቀነሱት ብዙው ተመልሶባቸዋል።

መሣሪያዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መከፈቱም ያስመሰግነዋል። ቅሬታዬ ሚዛኑ ላይ ነው። ወጣ ገባ በሆነ ሊሾ ላይ ስለተቀመጠ፣ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግድግዳው ሲጠጋ መርፌው በግማሽ ኪሎ ይለዋወጣል፤ እኔም 5 ኪሎ ተኩል ቀንሼ መያዣዬን ያጣሁት በዚሁ ግማሽ ኪሎ ነው። አሠልጣኙ «ጋሼ፣ ደንብ ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ደንበኛው ሲሸነፍ የሚያተርፍ ቤት ሚዛኑን ራሱ መያዝ አልነበረበትም።

ከዚህ የከፋው የመጨረሻው ሳምንት ነው፤ በዚያ የድሬ ሙቀት የዝናብ ልብስ ደርቦ የሚሮጥ፣ ከመመዘኑም በፊት ውኃ እንዳይጠጣ ራሱን የሚከለክል ወጣት አይቻለሁ። (በሩ ላይ ትኩስ ሳምቡሳ የሚሸጡት እናት ገበያ የሚደራው ልክ ከምዘናው በኋላ ነው።) ለመጪው ወር ያለ መያዣ ተመዝግቤያለሁ።